የአደን ጠመንጃ ስሪቶች፦ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ያልከዳችሁ የትኛው ነው?

ጥያቄ፤ ከአሮጌ ሰደፍ

እጄ ላይ ያለው የአደን ጠመንጃ በማውዘር 98 አሠራር የተሠራ፣ .30-06 ጥይት የሚጎርስና የዋልነት እንጨት ሰደፍ ያለው ነው። ከአባቴ የወረስኩት ሲሆን፣ ከ20 ዓመት በላይ ስይዘው ጥይት ነክሶብኝ ወይም ቀለህ ሳይተፋ ቀርቶ አያውቅም፤ አቧራም ዝናብም አላሸነፈውም። ባለፉት ሁለት የአደን ወቅቶች ግን የት እንደሚመታ መተንበይ አቅቶኛል። በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ በ100 ሜትር ርቀት ሦስት ጥይት ስተኩስ፣ አንድ ቀን ሦስቱም ቀዳዳዎች 3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ በሌላ ቀን ከዚያው ካርቶን የወጣው ጥይት እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይበተናል። በዚህ ሁኔታ እንስሳ ላይ ማነጣጠር ሕሊናዬ ስላልፈቀደልኝ፣ ባለፈው ወቅት ሁለት ጊዜ ጥሩ አጋጣሚ አግኝቼ ሳልተኩስ ተመልሻለሁ።

ስለዚህ አዲስ ለመግዛት እያሰብኩ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ አብራኝ ማደን የጀመረችው ልጄ ግራኝ በመሆኗ የቀኝ እጅ መቀርቀሪያ አስቸግሯታል። ስለ ቲካ፣ ስለ ሳኮ፣ ስለ ዊንቸስተር ሞዴል 70፣ ስለ ሬሚንግተን 700፣ ስለ ሳቬጅ፣ ስለ ሩገር፣ ስለ ሆዋና ስለ ብላዘር ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። ያነበብኩት ግን አብዛኛው ጠመንጃው ከሳጥኑ በወጣበት ሳምንት የተጻፈ ነው፤ ሙሽራን በሠርጓ ዕለት ማመስገን ለማንም አይከብድም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከአምስትና ከዐሥር ወቅት በኋላ ምን እንደላላ፣ ምን እንደተሰበረ፣ የመጀመሪያው ዓመት ትክክለኛነት እስከ ዛሬ አብሯችሁ መዝለቁንና አለመዝለቁን ነው። በእጃችሁ የያዛችሁትን ብቻ ብትነግሩኝ እመርጣለሁ።

መልስ 1፤ ከማስታወሻ ያዥ

ጤና ይስጥልኝ። ቲካ ቲ3ኤክስ፣ በ6.5×55 ጥይት፣ ስጠቀም ዘጠነኛ ወቅቴ ነው፤ ከእርሱ በፊት ዊንቸስተር ሞዴል 70 ነበረኝ። የተኮስኩትን ሁሉ በደብተር ስለምመዘግብ የምነግርዎት ከትዝታ ሳይሆን ከጽሑፍ ነው። በቲካው በ100 ሜትር ርቀት፣ በአምስት አምስት ጥይት የተኮስኳቸው 14 የቀዳዳ ስብስቦች አማካይ ስፋታቸው 31 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ትንሹ 17፣ ትልቁ 47 ሚሊ ሜትር ነበር። አንድ የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ፣ በ100 ሜትር ላይ 29 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ጠመንጃዬ በአማካይ ከዚያ መስፈርት ጥቂት አለፍ ይላል ማለት ነው። ባለ 17ቱን ወረቀት ብቻ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሌሎቹን ጥዬ ቢሆን ኖሮ፣ ለራሴም ሳይቀር ሌላ ጠመንጃ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

የፋብሪካ ዋስትናም ሲያነቡ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የጥይቱን ብዛት ይዩ። ቲካም ሳኮም በአንድ ፋብሪካ፣ በፊንላንድ ሪሂማኪ፣ የሚሠሩ ሆነው ሳለ፣ ቲካ አንድ የማዕዘን ደቂቃ የሚለው ለሦስት ጥይት ስብስብ ሲሆን ሳኮ የሚለው ለአምስት ጥይት ነው። ለማያስተውል ሰው ሁለቱ አንድ ይመስሉታል፤ ልዩነታቸው ግን ትንሽ አይደለም።

ስለ ቲካ አሠራር ያየሁትን ልንገርዎት። ቲ3 እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ ዓላማው ጥሩ አፈሙዝና ጥሩ ምላጭ ባነሰ ወጪ ማቅረብ ነበር፤ በ2016 የመጣው ቲ3ኤክስ የዚያው ማሻሻያ ነው። ወጪው የተቆጠበበት ቦታ ለዓይን ይታያል፤ ካዝናው ፕላስቲክ ነው፣ የምላጩ መከለያም እንዲሁ፣ የጠመንጃው አካልም ለአጭሩም ለረጅሙም ጥይት አንድ ዓይነት ርዝመት አለው። በመጀመሪያው ቲ3 ላይ ርግጫውን ወደ ሰደፉ የሚያስተላልፈው ቁራጭ አሉሚኒየም፣ የመቀርቀሪያው የኋላ ክዳን ደግሞ ፕላስቲክ ነበር፤ በቲ3ኤክስ ላይ የመጀመሪያው ወደ ብረት፣ ሁለተኛውም ወደ ብረታ ብረት ተለውጧል። በዘጠኝ ወቅት ውስጥ አንዱም አልተሰበረብኝም፤ ያም ሆኖ ትርፍ ካዝና ሳልይዝ አልወጣም። መቀርቀሪያው አሁንም በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ይንሸራተታል። ቅር የሚለኝ ክብደቱ ነው፤ ባዶውን ከሦስት ኪሎ ስለማይበልጥ መሸከሙ ደስ ያሰኛል፣ ከጠንካራ ጥይት ጋር ግን ትከሻ ላይ ምሕረት የለውም።

ትርፍ ካዝና የምይዝበትን ምክንያት ደግሞ ያስተማረኝ፣ በመካከሉ ለአንድ ወቅት ብቻ የያዝኩት የሌላ አምራች ጠመንጃ ነው፤ ስሙን አልጠራም። በቁጥቋጦ ውስጥ ለሦስት ሰዓት ያህል ስከተል ከቆየሁ በኋላ እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ቆመልኝ፤ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ስቤ ወደ ፊት ስገፋ ምንም ሳያነሳ ባዶውን ተዘጋ። እጄን ወደ ታች ስልክ ካዝናው በነበረበት ቦታ ጣቴ አየር ነካ። የመልቀቂያው ቁልፍ ከሆድ በኩል ወጣ ብሎ የተሠራ ስለነበር፣ ጠመንጃው ከወገቤ ጋር ሲተሻሽ ካዝናውን ጥይቱን እንደያዘ መንገድ ላይ ጥሎታል። ያ ጠመንጃ ወረቀት ላይ ከሁሉም የተሻለ ስብስብ ያሳየኝ ነበር።

መልስ 2፤ ከባለ መፍቻ

የጠመንጃ ጥገና ሥራዬ ነው፤ ስለዚህ እኔ የማያቸው የታመሙትን ብቻ መሆኑን አስቀድመው ይያዙልኝ። ጤነኛው ወደ እኔ ስለማይመጣ የትኛው ስሪት በብዛት እንደሚበላሽ ከእኔ ጠረጴዛ ላይ መቁጠር አይቻልም፤ ብዙ የተሸጠ ብዙ ይመጣል። ልነግርዎት የምችለው እያንዳንዱ በምን በኩል እንደሚደክም ነው።

ጥያቄዎ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ አስሯል፤ እኔ ልፍታቸው። አስተማማኝነት ማለት ጥይቱን ከካዝና አንስቶ መጉረስ፣ መተኮስ፣ ቀለሁን ስቦ መጣል ነው። እዚህ ላይ የአሠራር ልዩነት በእርግጥ አለ። የእርስዎ ማውዘር 98 ረጅም ጥፍር ያለው ሲሆን፣ ጥይቱ ከካዝናው እንደተነሳ በጥፍሩ ሥር ገብቶ እስከ መጨረሻው ተይዞ ይሄዳል፤ መቀርቀሪያውን በግማሽ ገፍተው ቢመልሱት እንኳ ጥይቱ አብሮ ይመለሳል። ሬሚንግተን 700ን የመሳሰሉት ግን ጥይቱን ከኋላ ገፍተው ያስገቡታል፣ ጥፍሩ የሚይዘውም መቀርቀሪያው ሲዘጋ ነው። ሰው ሲደነግጥ በግማሽ የገፋውን መልሶ ሁለተኛ ጥይት ከኋላው ሊያስገባ ስለሚችል፣ የሚናከሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ቅጽበት ነው። ትልልቅና አደገኛ እንስሳ የሚያድኑ ሰዎች .375 ኤች ኤንድ ኤችን በመሰለ ጥይት እስከ ዛሬ የማውዘርን ጥፍር የሚመርጡት ለዚህ ነው። ለቀሪው አደን፣ መቀርቀሪያውን ሳያመነታ ለሚሠራ ሰው፣ ገፍቶ የሚያስገባውም ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ዊንቸስተር ሞዴል 70 በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያስተምር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሲወጣ ባለ ረጅም ጥፍር ነበር፤ በ1964 ወጪ ለመቀነስ ፋብሪካው ወደ ገፊው አሠራር ለወጠው፤ ገዢው ፊቱን በማዞሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የቀድሞው አሠራር ተመለሰ። ስለዚህ አንድ ሰው «ሞዴል 70 እንዲህ ነው» ሲልዎ በመጀመሪያ የተሠራበትን ዓመት ይጠይቁት። አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር፣ ግን ሦስት ዓይነት ጠመንጃ ነው።

ሬሚንግተን 700 ከ1962 ጀምሮ ያለ፣ አካሉ ክብ በመሆኑ ሰደፍ ላይ ለማስቀመጥ የሚመች፣ ትክክለኛ ተኳሽነቱም የማይካድ ጠመንጃ ነው። የምላጩ ነገር ግን መነሳት አለበት፤ በኤፕሪል 2014 አምራቹ ከሜይ 2006 እስከ ኤፕሪል 2014 የተሠሩትን ኤክስ-ማርክ ፕሮ የተባሉ ምላጮች በይፋ አስጠርቷል፤ ምክንያቱም በመገጣጠሚያው ላይ የበዛ ማጣበቂያ ምላጩ ሳይሳብ ጠመንጃው እንዲተኩስ ሊያደርግ ስለሚችል ነው። ያገለገለ ሬሚንግተን ከመግዛትዎ በፊት የተሠራበትን ጊዜና ምላጩ መለወጡን ያረጋግጡ። ይህ ስሪቱን መጥላት አይደለም፤ እኔ ራሴ አንድ አለኝ፣ ምላጩን ግን ለውጬዋለሁ።

ወደ ትክክለኛነት ስንመጣ የስሪት ስም የሚመዝነው ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ዛሬ ሳኮ፣ ቲካ፣ ሲ ዜድ፣ ሆዋና ሩገር አፈሙዛቸውን በቀዝቃዛ ቅጥቀጣ፣ ማለትም ብረቱን ሳያግሉ በመቀጥቀጥ፣ ይሠራሉ፤ ሳቬጅና ቤርጋራ አረሩን የሚያሽከረክረውን ጠመዝማዛ ቦይ በጠንካራ ብረት ግፊት ያወጡታል። ሁለቱም መንገድ ለአዳኝ ከሚበቃው በላይ ትክክለኛ አፈሙዝ ያስገኛል። ሩገር አሜሪካን የተባለው ርካሹ ጠመንጃ አካሉን በሰደፉ ውስጥ በተቀበሩ የብረት ማረፊያዎች ላይ ስለሚያስቀምጠው፣ ከእርሱ እጥፍ ከሚያወጣ ጠመንጃ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲተኩስ አይቻለሁ። ርካሽነቱ የሚታወቀው መቀርቀሪያውን ሲስቡና ሰደፉን ሲጨብጡ እንጂ ወረቀቱን ሲለኩ አይደለም።

አሁን ስለ እርስዎ ጠመንጃ። አንድ ቀን 3፣ በሌላ ቀን 9 ሴንቲ ሜትር የሚበትን ጠመንጃ አፈሙዙ ያለቀ ጠመንጃ አይደለም፤ ያለቀ አፈሙዝ ሁልጊዜ ይበትናል፣ ቀን አይመርጥም። ቀን የሚመርጥ ጥፋት የላላ ወይም የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት መጉረሻውም ካዝናውም ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም አረጋግጠው የሚከተለውን ያድርጉ።

በመጀመሪያ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ከቀለበቶቹ አውጥተው ከሥሩ ያለውን መሠረት በጣትዎ ይነቅንቁ። የመሠረቱ ብሎኖች ከመነጽሩ ሥር ስለሚደበቁ፣ መነጽሩን ሳያወርድ «ሁሉንም አጥብቄአለሁ» የሚል ሰው እነርሱን አልነካም ማለት ነው። ብሎኖቹን አውጥተው ዘይቱን አጥበው፣ በመጠን መለኪያ መፍቻ ይመልሷቸው፤ ለቀለበቶቹ ወደ 2 ኒውተን ሜትር ይበቃል። በክንድ ጉልበት የሚያጠብቅ ሰው የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃል፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከያው ሲዞር መልስ አይሰጥም።

ቀጥሎ ስስ ወረቀት በአፈሙዙና በእንጨቱ መካከል ያስገቡና ከጫፍ ወደ ኋላ ይሳቡት። እንጨቱ እንዲደግፈው ተብሎ ጫፉ ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ጉብታ ያላቸው አሮጌ ጠመንጃዎች ስላሉ፣ አንድ ቦታ መንካቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ በአንድ ጎን ብቻ መንካቱ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት የእርስዎን የመሰለ ጠመንጃ ፈትቼ እንጨቱን ወደ መስኮት ባዞረው፣ ከመጉረሻው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት በግራ በኩል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ እንደ መስታወት ታበራለች። ሌላው እንጨት ደብዛዛ ነው። ዋልነት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በእርጥብ ሰሞን ያቺ ቦታ አፈሙዙን ወደ ቀኝ ስትገፋው፣ በደረቅ ሰሞን ትለቀዋለች። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ሙሉ የጥይት ዓይነት ሲለዋውጥ ቆይቷል። እኔ ቦታዋን በክብ እንጨት ላይ በጠቀለልኩት የብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ የተላጨውን እንጨት ውሃ እንዳይገባው በዘይት ዘጋሁት፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

እንጨት ሲደርቅ ሌላም ጣጣ አለው፤ አካሉን ከሰደፉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ራሳቸው ሳይዞሩ ይላላሉ። ስለዚህ በየወቅቱ መጀመሪያ ይሞክሯቸው። ሦስት ብሎን ባላቸው ጠመንጃዎች ላይ፣ ለምሳሌ በሞዴል 70፣ የፊቱና የኋላው ጠብቀው የመካከለኛው ቦታውን እንዲይዝ ብቻ ይነካ እንጂ አይጥበቅ፤ እርሱ ሲጠብቅ አካሉ ይጎብጣል።

የአፈሙዙን ጫፍ ደግሞ በአጉሊ መነጽር ይዩት። ማጽጃውን ዘንግ በጫፉ በኩል ለዓመታት ያስገባ ሰው ጠመዝማዛው ቦይ የሚያበቃበትን ጠርዝ በአንድ በኩል በልቶት ይሆናል፤ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ሲወጣ አረሩን ያዘነብለዋል። ይህም ግን ቀን አይመርጥም፤ ስለዚህ በእርስዎ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው አይደለም።

በመጨረሻ የሦስት ጥይት ስብስብ አያታልልዎ። ከአንድ ጠመንጃ፣ ምንም ሳይለወጥ፣ የ10 ጥይት ስብስብ በአማካይ ከሦስት ጥይቱ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሰፋል። ከ3 ሴንቲ ሜትሩ ዕለት ውስጥ ጥቂቱ ዕድል ነበር ማለት ነው። የ9ኙን ግን በዕድል ማስረዳት አይቻልም።

መልስ 3፤ ከቀዝቃዛ አፈሙዝ

ባለ መፍቻ ስለ ስሪት ባሉት ላይ አልስማማም፤ ወይም በግማሹ ብቻ እስማማለሁ። ወረቀት ላይ ሁሉም ይመታል። አዳኝ የሚተኩሰው ግን አንዲት ጥይት ናት፤ ያችውም ሌሊቱን በብርድ ካደረ አፈሙዝ፣ ትንፋሽ ካጠረው ሰው፣ ብዙ ጊዜም ከመኪና ወርዶ ከተገጣጠመ ጠመንጃ የምትወጣ ናት። የእኔ መለኪያ በዐሥር የተለያየ ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን የመጀመሪያዋን ጥይት ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ተኩሶ ዐሥሩን አንድ ላይ መለካት ነው። በዚህ መለኪያ የማውቃቸው ጠመንጃዎች በሰፊው ይለያያሉ።

እኔ ብላዘር አር8 እጠቀማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ መቀርቀሪያው ሳይዞር ቀጥ ብሎ የሚሳብ ጠመንጃ ነው። መነጽሩ የሚጫነው በአካሉ ላይ ሳይሆን በቀጥታ በአፈሙዙ ላይ ስለሆነ፣ ፈታትቼ በሻንጣ ካጓጓዝኩት በኋላ ስገጥመው ማነጣጠሪያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚህ መንገድ የተኮስኳቸው ዐሥር የመጀመሪያ ጥይቶች 44 ሚሊ ሜትር ውስጥ ገብተዋል። ምላጩና ካዝናው አንድ ላይ ተነቅለው የሚወጡ መሆናቸውም ይመቸኛል፤ ያንን ክፍል ኪሴ ከከተትኩ ጠመንጃው ማንም እጅ ቢገባ አይተኩስም። የሚወቀስበትም አለ፤ ያ ክፍል ቢጠፋ በእጅዎ የሚቀረው ውድ ምርኩዝ ነው፣ ጥገናውም እንደ ማውዘር በማንም ባለ እጅ የሚሠራ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በከባድ ብርድ ማንኛውም ስሪት የሚከዳው በባለቤቱ ዘይት ነው። መቀርቀሪያው ውስጥ የተረሳ ወፍራም ዘይት ሲረጋ መምቻውን መርፌ ያዘገየዋል፤ ጥይቱ ይከሽፋል፤ ሰውየውም ጥይቱን ይረግማል። በብርድ ሰሞን አደን የመቀርቀሪያዬን ውስጥ አጥቤ ደረቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

መልስ 4፤ ከግራኙ

ስለ ልጅዎ ማንም ስላልመለሰልዎ እኔ በአጭሩ ልመልስ፤ ዕድሜዬን ሙሉ በግራ ትከሻዬ የተኮስኩ ነኝ። የግራ እጅ መቀርቀሪያ ያለው ጠመንጃ ሳቬጅ 110፣ ቲካ ቲ3ኤክስና ሬሚንግተን 700 ሠርተዋል፤ ነገር ግን በግራ የሚመጣው የጥይት ዓይነት ሁልጊዜ በቀኝ ከሚመጣው ያነሰ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ጥይቱን መርጠው ጠመንጃውን ከመፈለግ ይልቅ፣ በግራ ምን ምን እንዳለ አይተው ከዚያ ውስጥ ጥይቱን ይምረጡ። 6.5 ክሪድሙር ወይም .308 ካገኙ፣ ርግጫቸው ከእርስዎ .30-06 ስለሚለዝብ ለጀማሪ ይስማማሉ።

እኔ ለ12 ዓመት የያዝኩት ሳቬጅ 110 ነው። መልኩ አያምርም፤ መቀርቀሪያው ሲሳብ እንደ አሮጌ በር ያንሿቅቃል። ነገር ግን የመቀርቀሪያው ራስ ጥቂት የመነቃነቅ ነፃነት ስላለው ሁለቱም መያዣ ጥርሶች እኩል ይገጥማሉ፣ አፈሙዙም በቀለበት ብሎን የሚታሰር በመሆኑ መለወጡ ቀላል ነው። የምላጩን ክብደት ባለቤቱ ራሱ ማስተካከል ይችላል፤ ለልጅ እጅ ይህ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ከባድ ምላጭ ጀማሪን በኃይል መንጠቅ ያስተምራል፣ ያንን ልማድ ደግሞ ማስተው ዓመታት ይፈጃል። የሰደፉን ርዝመት በክንዷ ልክ ማድረግዎን አይርሱ። ለእርስዎ የተለካ ሰደፍ ለእርሷ ሲረዝም ዓይኗ ከመነጽሩ ስለሚርቅ፣ አንገቷን ወደ ፊት ስባ ትተኩሳለች፤ በዚያ አኳኋን ምንም ስሪት ትክክል አይመታላትም።

የጠያቂው መልስ፤ ከአሮጌ ሰደፍ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለ መፍቻ እንዳሉት መነጽሩን አውርጄ መሠረቱን ነካሁት፤ የፊተኛው መሠረት በጣቴ ግፊት ብቻ ጠቅ ጠቅ አለ። ከሁለቱ ብሎኖቹ አንዱ በእጅ የሚፈታ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላኛው ጥርሱ ስለተበላ ለወጥኩት። እኔ ደግሞ በየወቅቱ መጀመሪያ ቀለበቶቹን አጥብቄ «መነጽሩ ደህና ነው» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ወረቀቱንም ስቤ አየሁ፤ እስከ መጉረሻው ድረስ ሳይዝ ስለሄደ እንጨቱን አልነካሁትም። ብሎኖቹን ከመለስኩ በኋላ በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ፣ ከመሠረቱ ጋር እንድትያያዝ አድርጌ፣ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ ከዞሩ መስመሯ ስለምትሰበር ከእንግዲህ መነጽሩን ባወረድኩ ቁጥር ያንን አያለሁ።

ከዚያ ባለፉት ሦስት ሳምንታት በአምስት የተለያየ ቀን፣ በየዕለቱ ሁለት ሁለት ጥይት፣ በድምሩ ዐሥር ተኩሼ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ሰበሰብኩ። ስፋቱ 52 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከቲካውም ከብላዘሩም ይበልጣል፤ እኔ በማድንበት ርቀት ግን የምፈልገው ከዚህ አያልፍም። ከዐሥሩ አንዷ ብቻ ለብቻዋ ወደ ላይ ወጥታለች፤ እርሷም ምላጩን ስስብ ዓይኔን እንደጨፈንኩ የማውቃት ናት፣ ቢሆንም ቆጥሬአታለሁ።

ማውዘሩ ስለዚህ አይሸጥም። የሚገዛው የልጄ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ወዳጄ የግራ እጅ ሳቬጅና የግራ እጅ ቲካ ተውሰን ባዶአቸውን ደጋግማ ሞከረቻቸው። ሳቬጁን ስትስብ «ይጮሃል» አለችኝ፤ ቲካውን ስትስብ ምንም አላለችም፣ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ያነሳችው እርሱን ነው። ግራኙ፣ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፤ የቲካው ሰደፍ ለእርሷ ሁለት ጣት ያህል ይረዝማል፣ የኋላውን የጎማ ትራስ በቀጭኑ መለወጥ ይበቃል ወይስ ሰደፉን ማስቆረጥ ይኖርብኛል?